ዘጠነኛው ፕሪንተር

«ባልዲ» የሚለውን የኮድ ስም ያወጣላት አጎት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ለሌሎቹ ንስር፣ ነበልባል፣ ጎራዴ እያለ ሲያድል ቆይቶ እሷ ጋ ሲደርስ ከእግር እስከ ራሷ አያትና «ባልዲ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ምን ታድርግ? ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ስም ስም ነው፤ ይለመዳል። አንጀቷን ያሳረረው ሌላ ነው። የምታየው እሷ፣ የምትሰማው እሷ፣ መጥታ የምትናገረው እሷ፤ ሪፖርቱን የሚጽፈው እሱ። ከሥር የሚፈርመውም እሱ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህንንስ እኔው ልጻፈው» ብትለው እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ሰክቶ እንደ ሕፃን ልጅ አያት።

«አንቺ ዐይን ነሽ፤ እጅ አይደለሽም። በአራተኛ ክፍል ትምህርት ሪፖርት ሲጻፍ የት አይተሻል?»

በእሷ ዐይን ሁለት ጊዜ ማዕረግ ጨመረ። እሷ ያው ባልዲ።

«አጎት»ም ቢሆን የኮድ ስም ነው። ሰውዬው የማንም አጎት አልነበረም።

አሁንም ከፊቱ ጎንበስ ብላ ደረጃ ትወለውላለች። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። እሱ መጽሐፍ አቅራቢ ነጋዴ መስሎ፣ በነጭ ሸሚዝና በግራጫ ኮት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አፍጥጧል። እሷ ሰማያዊ የጽዳት ጋዋን ለብሳለች። ይህን ሕንፃ ሦስት ዓመት ስታጸዳ አንድም ሰው ቀና ብሎ ፊቷን አላየም። ጎንበስ ያለ ሰው ወንበር ነው የሚመስላቸው።

«ቅርጫቱ?» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ጨርቋን ስታጥፍ ከውስጡ አንዲት ትንሽ ፌስታል አሾልካ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተወችለት። የስለላ ቢሮው የሚከታተለው ዶክተር የጣለው ቆሻሻ ነው፤ የማስቲካ ልጣጭ፣ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ፣ የተቀደደ ፖስታ። ኮቱ ውስጥ ከተታት።

«ዛሬ ነው» አለ። «ዝርዝሩ ዛሬ ይወጣል።»

እጇ መወልወያው ላይ ቆመ።

«የትኛው ዝርዝር?»

«ከድንበር ማዶ ያሉት ልጆቻችን። አሥራ አራት ሰው፣ ከነፎቶው፣ ከነአድራሻው። ዶክተሩ ሸጧቸዋል። ገዢዎቹ እጅ ከገባ እስከ ማታ አንዱም በሕይወት አያድርም።» ከዚያ ጨመረበት። «ወንድምሽም አለበት።»

ወንድሟን ለሥራው ያስመዘገበችው እሷ ናት። ማዶ ከሄደ ስድስት ዓመቱ። የከባድ መኪና መካኒክ ሆኖ ይኖራል ሲሏት ሰምታለች። ከዚያ በላይ አልነገሯትም።

«እንዴት ነው የሚያወጣው?»

«እሱን ነው ያጣነው። ስልኩን ይዘናል። ኢሜይሉን ይዘናል። ሲወጣ ቦርሳውን በሩ ላይ እናስፈትሻለን። አንቺ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት። እስክልክብሽ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትይ።»

«ፕሪንተሮቹስ?»

አጎት የማስታወቂያውን ጫፍ ሲያቃና ነበር። ጣቱ ባለበት ቀረ።

«የምን ፕሪንተር?»

«ከሁለት ሳምንት በፊት የሰጠሁዎት ሁለት ወረቀት…»

«ነግሬሻለሁ፤ የተማሪ የቤት ሥራ ነው። አትመራመሪ። ሥራሽን ሥሪ።»

ወረደ። ጫማው ያልደረቀው ደረጃ ላይ ዱካ ተወ። መልሳ ወለወለችው።

የተማሪ የቤት ሥራ! እሷ ማንበብ የማትችል መስሎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ፕሪንተር አለ። አጠቃቀሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሦስት ዓመት አቧራውን ስትጠርግለት በቃሏ ይዛዋለች። ላፕቶፕህን ትከፍታለህ፤ ከግቢው ዋይፋይ ጋር ታገናኛለህ፤ ፋይሉን ትልካለህ። ፋይሉ ወረፋ ይዞ ይጠብቅሃል። ከዘጠኙ ወደ አንዱ ሄደህ ካርድህን ስታስነካ ወረቀትህ ይወጣል። እስከ ነገ ካልመጣህ ይሰረዛል። ገመድ የለ፣ ፍላሽ የለ፣ ሰው ከሰው መገናኘት የለ።

እና አንዱ ልኮ፣ ሌላው በተባዛ ካርዱ ቢወስደውስ? ፕሪንተሩ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

ግድግዳው ላይ ያልተለጠፈም አለ። ፕሪንተር ወረቀት ሲያልቅበት ሥራውን አይረሳም። አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ወረቀት ሲያጎርሱት ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን የሚያውቀው ወረቀት የሚያጎርሰው ብቻ ነው፤ በዚህ ግቢ ደግሞ ወረቀት የሚያጎርሱት ጽዳቶች ናቸው። የተማረ ሰው ጎንበስ ብሎ መሳቢያ አይከፍትም። «ወረቀት የለም» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ከንፈሩን «ምጽ» አድርጎ ወደ ሌላ ፎቅ ይሄዳል። ሦስት ዲግሪ ያለው ሰው ለአንድ መሳቢያ አራት ደረጃ ሲወጣ አይታለች። ከዚያ በኋላ ዲግሪ አላስደነገጣትም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወረቀት ስትጨምር ማሽኑ አጠገቡ ማንም ሳይኖር ሁለት ገጽ ተፋ። የመኪና ታርጋ። የኬላ ስም። ቀንና ሰዓት። ማንም አልመጣለትም። ለአጎት ሰጠችው። አየውና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ኪሱ ገብቶ ቀረ?

ከአጎት ሥር ሁለት የቴክኒክ ወጣቶች ነበሩ። እሷ «ጆሮዎቹ» ትላቸዋለች፤ ተማሪ መስለው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ ቀኑን ሙሉ ዶክተሩን ከጀርባው ሲያዩ ይውላሉ። አንደኛው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛውን ልትወለውል ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ ያ ከፕሪንተር የተገኘው ወረቀት ምን ሆነ?»

«የምን ወረቀት?»

«በአጎት በኩል የደረሳችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት።»

«እትዬ፣ ምንም የደረሰን ወረቀት የለም። ይልቅ ሂጂ፣ ሰው ያየናል።»

«ማን ነው እኔን የሚያየኝ?» አለችና አለፈች።

ባልዲውን አንስታ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገባች። በሩን ዘጋች። ውኃውን ከፈተች። ቧንቧውን ይዛ ቆመች።

አጎት ነው።

ገዢዎቹም እሱን ነው የሚጠብቁት። የላከውን ዶክተር እንዲጠብቅ የተሾመው፣ ተቀባዩ ራሱ!

በጋዋኗ ኪስ ውስጥ አሮጌ ሞባይል አለ፤ የሚደወልበትን አንድ ቁጥር በቃሏ ይዛዋለች። ቁጥሩ ቀጥታ ዋናው ቢሮ ይገባል። የሚሠራው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የደወለ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራው ያከትማል፤ ሽፋኑ ይቃጠላል፤ ቢሮው አላውቀውም ይላል። አሁን ብትደውልስ? «ማስረጃ?» ይሏታል። ሁለት ማዕረግ የጨመረ ሰውና ባልዲ። የማን ቃል ይታመናል? በዚያ ላይ ዛሬ ቢፈራ ነገ ይሰርቃል። ወረቀቱን በእጁ ይዞ መታየት አለበት።

ዘጠኝ ፕሪንተር። አንድ ሴት።

ዘጠኙን መጠበቅ አትችልም። ስምንቱን መግደል ግን ትችላለች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ከጽዳት ክፍሉ ስምንት ወረቀት፣ አንድ ወፍራም ማርከርና ፕላስተር አነሳች። «ተበላሽቷል» ብላ ጻፈች። ፊደሉ ተንጋዷል፣ የ«ሽ» እግር ከመስመሩ ወጥቷል። ግድ የላትም። አንድ በአንድ እየዞረች ለጠፈች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለጥፋ ሳትጨርስ አንድ መምህር ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ጽሑፉን አነበበ።

«ይሄም? የት ነው ታዲያ የምናትመው?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ።»

«እናንተ ምን ታውቃላችሁ!» ብሎ ሄደ። ማሽኑ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ነበር። አንድ ቁልፍ ቢነካ ይሠራ ነበር። አልነካም። የተለጠፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው የሚመስላቸው፤ ያነበቡትን ያምናሉ፣ ያዩትን አያምኑም።

ዘጠነኛው ታች ነው። ከምድር በታች፣ መስኮት በሌለው ኮሪደር መጨረሻ፣ ከጽዳት ክፍሉ ጎን። ማሽኑ ሲያረጅ ወደዚያ ጣሉት። «ለሠራተኞች ብቻ» ስለሚል ተማሪ አይወርድም። መሳቢያውን ከፈተችና ወረቀቱን በሙሉ አወጣች።

አንዱን መልሳ አስገባች።

አንድ ብቻ። ማጥመጃ ነው። ምንም ካላገኘ ምንም ሳይነካ ይሄዳል። አንዱን ሲይዝ ግን ሌላውን ይፈልጋል።

ወደ ላይ ወጣች። ዶክተሩ በመስኮቱ በኩል ቦታው ላይ ነበር። የቢሮውን ምስጢራዊ መዝገብ ኮምፒውተር ላይ የሠራው እሱ ነው፤ ባለቀለም ካልሲ ያደርጋል፣ ማስቲካ ያኝካል። ከሥሩ ልትጠርግ ስትደርስ ዐይኑን ከላፕቶፑ ሳይነቅል እግሩን አነሳላት። እንደ ንጉሥ። አሥራ አራት ሰው እየሸጠ እግሩን ያነሳል።

ስድስት ሰዓት ተኩል። አንድ ቁልፍ ተጫነ። ላፕቶፑን ከደነ። ማስቲካውን ከጠረጴዛው ሥር ለጠፈ።

ሄደ።

ወረደች። የጽዳት ክፍሉ ውስጥ ገባችና በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። መብራት አላበራችም። የተደረደሩት እሽግ ወረቀቶች አጠገቧ ናቸው። ከጣሪያው የሚያፈስ ቧንቧ ጠብ ይላል፤ እንዲጠገን ስድስት ጊዜ ተናግራለች፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብላለች።

አሥር ደቂቃ።

ሃያ ደቂቃ።

እርምጃ። የቆዳ ጫማ፣ የቸኮለ። ደረጃውን ወረደ፤ ኮሪደሩን ይዞ መጣ። ካርድ ማሽኑ ላይ «ቲት» አለ። ፕሪንተሩ አጉረመረመ። አንድ ገጽ ወጣ።

ከዚያ የማሽኑ ለቅሶ። ወረቀት የለም።

«የዚህ ግቢ ነገር!» አለ አንድ ድምፅ።

ለአሥራ አንድ ዓመት የምታውቀው ድምፅ ነው። ልቧ የጠረጠረው ሰው ነው።

በበሩ ክፍተት አየችው። ገጹን ማሽኑ ላይ አንጥፎ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ተንሸራተተ። ላከው! ተማሪ ፈተና ሲፈልግ የማይሠራ ዋይፋይ፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዛሬ፣ ሠራ።

አላሰበችውም ነበር። ይዞት ይወጣል ነው ያለችው። እዚያው ይልከዋል አላለችም።

«ጽዳት! ማን አለ? ወረቀት!»

ወጣች።

አጎት ሲያያት ገጹን አጠፈ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ከዚያ ፊቱ ቦታው ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት የሠራበት ፊት ነው።

«ሦስተኛ ፎቅ አላልኩሽም?»

«ወረቀት አልቆ ነው የወረድኩት ጋሼ።»

«ጥሩ። ደርሼበታለሁ። ዶክተሩ በዚህ ነው የሚያወጣው። ማስረጃውን እየያዝኩ ነው። ቶሎ ወረቀት ጨምሪ።»

«ፎቶውን ለማን ላኩት?»

ቧንቧው ብቻ ጠብ ይላል።

ኮቱን በአንድ ጣት ገለጥ አደረገ። የሽጉጡ እጀታ።

«ባልዲ፣ ስሚኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «እንደ ሰው ላናግርሽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ወንድምሽ አለ። ወረቀቱን ጨምሪ፤ ሲወጣ የሱን ስም እቆርጠዋለሁ። እዚሁ፣ ፊትሽ። ሌሎቹ ምንሽ ናቸው? ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

«አየሽ?»

«እሺ ጋሼ» አለች።

እሺ ማለት ለምዶባታል። እሱም መስማት ለምዶበታል። እጁን ከኮቱ አወጣ። ሴትዮዋ ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ ያለች ሴት ወንበር ናት።

ከእሽጎቹ መሃል ከቧንቧው ሥር ያለውን አነሳች። ውኃ ጠጥቶ አብጧል። በጋዋኗ ጠርጋ ቀደደችው፤ ደህና ደህናውን ከላይ አልብሳ፣ እርጥቡን ከሥር አድርጋ መሳቢያው ውስጥ ከተተች… አይ፣ አሰበችና ገለበጠችው። እርጥቡን ከላይ። ዘጋችው።

ማሽኑ ጎረሰ። ከዚያ ነከሰ። ቀይ መብራት።

«ምንድነው?»

«ወረቀት ነክሷል። አሮጌ ነው፣ ይነክሳል።»

«አውጪዋ!»

የጎን በሩን ከፈተች። ሙቀቱ ፊቷን ገረፈው። ግራ እጇን እስከ ክንዷ አስገባች፤ ወረቀት የሚያሞቀው ሲሊንደር የእጇን ጀርባ ለበለበው። አልጮኸችም። በቀኝ እጇ ስክሪኑን ነካች። አጎት ስክሪኑን እያየ ነበር፤ ግን ምኑን ያውቃል? እንደዚህ ያለ ማሽን በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም፤ የሚነካለት ሰው ሞልቶታል።

«ሥራው ይሰረዝ?» አለ ማሽኑ።

አዎ።

ስክሪኑ ባዶ ሆነ። «በወረፋ ላይ ምንም የለም።»

ይህችን አነበበ።

«ምን አደረግሽ?»

«ሰረዝኩት።»

«ምን አደረግሽ አንቺ ደንቆሮ!»

ጉሮሮዋን አነቃት። ጭንቅላቷ ከግድግዳው ተላተመ። ግራ እጇ አሁንም ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው፤ የሚያቃጥለውን አልፎ ከሥር ያለው ጠርሙስ ላይ ደረሰ። የቀለም ትራፊ የሚጠራቀምበት ጠርሙስ። በየወሩ የምትደፋው እሷ ናት። ሞልቷል።

መዘዘችው። ክዳኑን በአውራ ጣቷ ገፋች።

ፊቱ ላይ ደፋችው።

ጥቁር ደመና። ለቀቃት። አሳለ፣ ተሳደበ፣ ዐይኑን ጠረገ፤ ሲጠርገው ይበልጥ ተለቀለቀ። ሽጉጡን አወጣ።

ወለሉ ላይ ወደቀች።

ጥይቱ ፕሪንተሩን መታ። መስታወት ረገፈ። ሁለተኛው ጣሪያውን። ከዚያ እግሩ እየተደነቃቀፈ ወደ ደረጃው ሲሮጥ ሰማችው።

አልተከተለችውም። ወዴት ይሄዳል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም እንዳያስታውሰው ሆኖ የኖረ ሰው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሸሚዙ እስከ ጥርሱ ቀለም ተነክሮ፣ በተማሪ መሃል ይሮጣል። በር ደግሞ አንድ ነው።

ሞባይሉን አወጣች። ደወለች።

«ስም?» አለ አንድ ወንድ።

«ባልዲ።»

«ሁኔታ?»

«አጎት ሸጦናል። ወደ ዋናው በር እየሮጠ ነው፤ ፊቱ የፕሪንተር ቀለም ነው፣ አይጠፋችሁም። ታጥቋል። የመጀመሪያው ገጽ ወጥቷል፤ ሰባት ይሆናሉ። አሁኑኑ አስወጧቸው። አሁኑኑ!»

«ይህ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ሰዎቹን አውጣ!»

ተዘጋ።

ደረጃውን ወጥታ ከሕንፃው ስትወጣ ተማሪው ሁሉ ስልኩን ደግኖ ወደ በሩ ይሮጣል። ገብታ ከመሃላቸው ቆመች። ከጭንቅላቷ ወደ አንገቷ የወረደውን ደም ማንም አላየም።

በሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛ «አሥር አለቃ» ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ወታደር ነበሩ፤ አንዲት ብርጭቆ እንኳ ያለ መውጫ ወረቀት አያሳልፉም። አጎትን በደረቱ ገፍተው አቁመውታል።

«የመውጫ ወረቀት!»

«ልቀቀኝ አንተ ሽማግሌ! የማንን መንገድ እንደዘጋህ ታውቃለህ?»

«የማንንም ይሁን። ይህ ፊትህ ላይ ያለው ቀለም የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው። በምን ደረሰኝ ነው ይዘኸው የምትወጣው?»

ተማሪው አውካካ። አጎት ወደ ኮቱ እጁን ሰደደ። አሥር አለቃ ያንን የእጅ አነሣስ ከእሱ በፊት ያውቁታል። በዱላቸው የእጁን አንጓ አንድ አሉት። ሽጉጡ መሬት ወደቀ። ሳቁ ጠፋ። ሽማግሌው በጉልበታቸው ደረቱ ላይ ተቀመጡ።

ጆሮዎቹ እየሮጡ ደረሱ። አጎት ከሥር ሆኖ «ይህን ሽማግሌ አንሱልኝ! ትእዛዝ ነው!» ሲል የሁለቱም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። አዳመጡ። ተያዩ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ከአጎት ኪስ የታጠፈውን ገጽ አወጣ፣ ከዚያ እጁን በካቴና አሰረው።

ዶክተሩ የተያዘው መኪናው ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ሲወስዱበት «ቢጫር ማን ይጠየቃል?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ጀርባ ባለ አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጧት። ከዋናው ቢሮ የተላከ ሰው ከፊቷ ተቀመጠ፤ ወጣት፣ ሽቶው የሚያውድ። እጇን የሚያጥበው ሐኪም ሥራውን እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀም።

«ሪፖርት ያስፈልጋል» አለና ላፕቶፑን ከፈተ። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ከዚሁ ሆኜ በዋይፋይ ወደ ፕሪንተር እልከዋለሁ፤ ፈርመሽ ትሄጃለሽ።»

«ወረቀት ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ልጽፍበት።»

«እጅሽ ተቃጥሏል እኮ።»

«የተቃጠለው ግራዬ ነው። ወረቀት ስጠኝ አልኩህ።»

ሰጣት። ጎንበስ ብላ ጻፈች። በቀስታ ነው የምትጽፈው፤ ፊደል ስትፈልግ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። አንዴ «ልርዳሽ?» አላት። ቀና አላለችም። ሁለት ገጽ ሞላች። ሦስተኛውን ጀመረች።

ስልኩ ጮኸ። ወደ መስኮቱ ዞሮ አወራ። ሲመለስ ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ከሰባቱ አምስቱ ወጥተዋል» አለ። «የሁለተኛው ገጽ ሰባቱም ደህና ናቸው፤ እነሱም እየወጡ ነው። ሁለቱ ጋ ግን ቀድመዋቸዋል።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ማን ማን?»

«ስም መናገር…»

«አንድ መካኒክ አለበት?»

ሰውዬው ጠረጴዛውን አየ። መልሱ ያ ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር እንግዲህ። አጎት «ስሙን እቆርጥልሻለሁ» ሲላት ወንድሟን ከላከው በኋላ ነበር።

ውጭ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ፤ የሽማግሌውን ዱላ እያወሩ ነው። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ ካቆመችበት ቀጠለች። ሰውዬው አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ሁለት ሰው ሞተብን። አንዱ ወንድሜ ነው። መሳቢያው ውስጥ አንድ ወረቀት የተውኩት እኔ ነኝ። ማጥመጃ ብዬ ነው። ፎቶ አንስቶ ይልካል ብዬ አላሰብኩም። ባዶ ባደርገው ኖሮ ምንም አይወጣም ነበር።»

«እትዬ፣ ይሄ መግባት የለበትም» አለ ቀስ ብሎ። «ማንም አይጠይቅሽም። ራስሽን ለምን…»

«ይግባ።»

«ለምን ትጽፊዋለሽ?»

«ስለሆነ።»

አራተኛውን ገጽ ጨረሰች። ከሥር «ባልዲ» አላለችም። ስሟን ጻፈች፤ የአባቷን ስም፤ የአያቷን ስም። ፈረመች። ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ አልሰጠችውም።

«ፊቴ አንብበው።»

«አለቃዬ ያነበዋል።»

«እሱም ያነበዋል። አንተ አሁን አንብበው። ድምፅህን አሰምተህ።»

አነበበው። ከነግድፈቱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ወንድሟ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያትና ቀጠለ። አንድም ፊደል አላረመም። ሲጨርስ አራቱን ገጽ አስተካክሎ ፖስታ ውስጥ ከተተና ማኅተም አደረገበት።

ተነሣች። ከነገ ጀምሮ ቢሮው እንደማያውቃት ነግሯት ነበር፤ ራሷን ነቀነቀች። ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ተወችና ወጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሰው ሞልቷል። አንዲት ሴት «ትንሽ ጠጋ በይልኝ እስቲ» አለቻት።

ጠጋ አለችላት።